ትርፍ ቤት የተባለችው ጀልባ

ለቡ ሳይት ላይ ፎርማኑ ሲጮህብኝ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ለመሰረት የቆፈርነውን ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት፣ አንዲት ጩጬ የውሃ ፓምፕ አምጥተው "ምጠጥ" አሉኝ። ገመዱን ሳብኩት። እምቢ። ደግሜ ሳብኩት። እምቢ። "አንተ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?" ይለኛል ፎርማን ተብዬው፣ እሱ ራሱ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። የሚገባውን ልነግረው አፌን ስከፍት ፓምፑ ተነሳና ሰማያዊ ጭሱን ፊቴ ላይ ቡልቅ አደረገው። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ አለ አይደል? እሱ ነው።

በቃ፣ ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። ለቡ የለሁም። መካኒሳ ነኝ፣ ከአቦ ቤተክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ጋሼ ይልማ ግቢ ውስጥ። እግሬ ጭቃ፣ እጄ ሬንጅ፣ ደርግ ገና ጉልበቱ ሳይላላ።

ጋሼ ይልማ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ዘመቻ ሄዶ ስለነበር እኔና እማዬ እሱ ጋ ነው የምንኖረው። እማዬ ፋብሪካ ትሰራለች፣ ጋሼ ወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግናል። ግቢያችን ውስጥ አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ የቆርቆሮ ሽንት ቤት፣ ጥቂት ዶሮ እና አንድ ጀልባ ነበር። አዎ፣ ጀልባ። አዲስ አበባ ውስጥ ጀልባ ምን ይሰራል አትበሉኝ፤ እማዬም ዕድሜ ልኳን የጠየቀችው ይሄንኑ ነው። "የሰው ወንድም ሴት ያስቀምጣል" ትላለች፣ "የኔው ጀልባ አስቀመጠ።"

ጋሼ ከአብዮቱ በፊት ላንጋኖ ሐይቅ ላይ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ጀልባ ነጂ ነበር። ሰውየው ቅዳሜና እሁድ ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ጋሼ ያንሸራሽራቸዋል። አብዮቱ ሲመጣ ግሪኩ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል "ይልማ፣ ቤቱን ይወስዱታል፣ መኪናውን ይወስዱታል፣ እሷን አንተ ውሰዳት" አለው። ጋሼም በጭነት መኪና ጭኖ መካኒሳ አመጣትና አራት ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ነጭ የነበረች የእንጨት ጀልባ ናት። መሃሏ ላይ ትንሽ ክፍል አለቻት፤ በር፣ ሁለት መስኮት፣ ውስጧ እንደ አልጋ የሚረዝም መቀመጫ። ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠል ነው፤ እሱን ጋሼ በጆንያ ጠቅልሎ አልጋው ስር ነው የሚያስቀምጠው። "አንድ ቀን ላንጋኖ እመልሳታለሁ" ይል ነበር፣ ሰው ሁሉ እየሳቀበት።

እኔ ደግሞ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ጀልባ ማለት ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ውስጧ ገብቼ በሩን ዘግቼ እተኛለሁ። ጣውላዎቿ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ስለነበር በስንጥቁ ከስሬ ዶሮ ሲያልፍ አያለሁ። የዶሮ ጀርባ ከላይ ሲያዩት እንዴት እንደሚያስቅ አታውቁም። ያቺ ክፍል የኔ ናት ብዬ ነበር የማስበው። በዓለም ላይ የኔ ያልኩት ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን ጓድ ሽፈራው ይግባ። ጓድ ሽፈራው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፣ ብስክሌት ያስተማረው ጋሼ ይልማ ነው። ስለዚህ ሁለት ምላስ ነበረው። ካኪውን ሳይለብስ መንገድ ላይ ካገኘው፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሽ ይልማ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?" ይለዋል። ካኪውን ከለበሰ ግን፣ "ጓድ ይልማ፣ አንተ ስብሰባ ለምን ቀረህ?" ነው። ጋሼ አይቆጣም። "ምን ያድርግ፣ የሚያወራው እኮ ኮቱ ነው" ይላል። እኔ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አመንኩት። የጓድ ሽፈራው ካኪ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳይ ቆሜ "ጤና ይስጥልኝ ጓድ" እለው ነበር። ኮቱ አንድ ቀን እንኳን አልመለሰልኝም።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ኮቱ ግቢያችን መጣ። ሁለት ጠመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃዎች ተከትለውታል። ግቢውን ዞሮ ዞሮ ጀልባዋ ጋ ቆመ።

"ጓድ ይልማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ጀልባ ናት። ከጥንት ጀምሮ እዚህ ናት፣ ታውቃታለህ።"

"በር አለው።"

"አላት።"

"መስኮት አለው። መጋረጃ ሁሉ አለው።"

"ፀሐይ እንዳይገባ ነው።"

"ጣራ አለው። ውስጡስ አልጋ አለ?"

"መቀመጫ ነው። ለተኛበት ግን ያስተኛል።"

ጓድ ሽፈራው ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። "በር፣ መስኮት፣ ጣራና አልጋ ያለው ነገር ባማርኛ ምን ይባላል?"

አንደኛው ጥበቃ ፈተና መስሎት ተጨነቀ። "ቤት?" አለ።

"ቤት!" አለ ጓድ ሽፈራው። "አንተ ጓድ ይልማ የምትኖርበት ቤት አለህ። ይሄ ሁለተኛ ነው። ሁለተኛ ቤት ትርፍ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ የመንግስት ነው። ቀበሌው በር ላይ ለጥበቃዎች ማደሪያ እንወስደዋለን።"

ትርፍ ቤት የሚለውን ያኔ ህፃንም ያውቀዋል። ስንት ሰው ቤቱን በዚያ ቃል አጥቷል። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ግን ሳቀ።

"ሽፈራው፣ ቤት ይንሳፈፋል?"

"አይንሳፈፍም።"

"እሷ ትንሳፈፋለች።"

"በዓይኔ አላየሁም" አለ ኮቱ። ከዚያ ትንሽ አሰበ፤ ብስክሌቷ ትዝ ሳትለው አትቀርም። "እሺ። እስከ አብዮት በዓል ውሃ ላይ ካሳየኸኝ ጀልባ ነው፣ ይዘኸው ኑር። ካላሳየኸኝ ቤት ነው፣ እወስደዋለሁ።"

የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ነው። ክረምቱ በሙሉ ከፊታችን ነው ማለት ነው። ጓድ ሽፈራው ከወጣ በኋላ ጋሼ ሄዶ ጀልባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ሳቁ ጠፍቷል። በስንጥቆቿ ማዶ ለማዶ ብርሃን ይታያል። "እህቴ" አላት እማዬን፣ "ይቺ አሁን ውሃ ላይ ብትቀመጥ እንደ ወንፊት ነው የምትሰምጠው።"

በነጋታው ስራ ጀመርን። የቀበሌው ሰው እየመጣ ሙድ ይይዝብናል። መጀመሪያ የድሮውን ቀለም ፋቅን። ጋሼ "ብርጭቆ ወረቀት አምጣ" ሲለኝ በውስጡ የሚታይበት ወረቀት መስሎኝ ዓይኔ ላይ ለጥፌ ጋሼን ፈለግኩት፤ ቅንድቤን ላጨኝ። የተፋቀው ቀለም አቧራ ምላስ ላይ ይጣፍጣል፣ አትቅመሱት። የበሰበሰውን ጣውላ ጋሼ ነቅሎ ሌላ ተካ። ከዚያ ስንጥቁ መጣ።

ለስንጥቁ ጥጥ ያስፈልጋል። ጥጡን ጠምዝዞ በደነዘ ካቻቢቴ እየመቱ ስንጥቁ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ በላዩ የቀለጠ ሬንጅ ማፍሰስ። ሬንጁን መንገድ ሰሪዎች ጥለውት ከሄዱት በርሜል ፋቅን። ጥጥ ግን የለም። ይሄኔ ነው እትዬ ማርታ በአጥራችን ላይ ብቅ ያለችው።

እትዬ ማርታ ጎረቤታችን ናት። ከአርባ ምንጭ ነው የመጡት፣ ባሏ ሸማኔ ነው። የእነሱ ቤትና የእኛ ግቢ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳን መካኒሳ በሙሉ ዋጋውን ይሰማል። እሁድ ሲሆን ግን የእነሱ ቤት ፀጥ ይላል። እንግዳ አንድ በአንድ ይገባል፣ አንድ በአንድ ይወጣል፣ ድምፅ የለም። እኔ እሁድ እሁድ የሚያለቅሱበት ሰው አላቸው ብዬ ነበር የማስበው። ጴንጤ መሆናቸውን፣ መዘመር እንደሚያሳስር፣ ማን ይነግረኛል?

ጆንያ ሙሉ ጥጥ ይዛ መጣች። "ጋሽ ይልማ፣ እኛ ሀገር ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት" አለች። "ጀልባ ሲራብ ያሳዝነኛል።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ። ምን ልክፈልሽ?"

"ኧረ ምንም።" ጥፍሯን አየች። "ይሄ ሞተርዎ ግን መቼ መቼ ነው የሚነሳው?"

"ከተጠገነ በኋላ ነዋ።"

"ሲነሳ ይጮኻል?"

"እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። ምነው፣ አስቸገረሽ?"

"አይ" አለች እትዬ ማርታ። "እሁድ ጠዋት ቢነሳ ብዬ ነው።"

ጋሼ አያት። ጋሼ የአቦ ማህበርተኛ ነው፤ ጴንጤ አይወድም፣ ሲያልፉ ያማትባል። ከዚያ፣ "ከቅዳሴ መልስ ነው የምችለው" አለ። "ያለዚያ አቦ ይቀየሙኛል።"

"ከቅዳሴ መልስ ይሁን" አለች፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ትንሽ ሆነ።

ሐምሌን ሙሉ ጥጥ ጠቀጠቅን፣ ሬንጅ አፈሰስን። ያው ሬንጁ ከኔ ፀጉርም አልቀረም፤ እማዬ በላምባ ነው ያስለቀቀችልኝ። ሁሉም አለቀ ሲባል ጋሼ የሚያሳብድ ነገር አደረገ። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በአሸንዳ ጠልፎ ወደ ጀልባዋ ሆድ ለቀቀው። ሞላት። ውሃው በየስፌቷ እንደ እንባ ይንጠባጠባል።

ሰፈሩ አለቀ በሳቅ። "ጋሽ ይልማ! ሰው ጀልባ ውሃ ላይ ያደርጋል፣ እርስዎ ውሃ ጀልባ ላይ?"

"ጠምቷታል" ይላል ጋሼ። "ከላንጋኖ ከመጣች ጠብታ አልቀመሰችም። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ ራሱ ይገጥማል።"

እኔ የገባኝ "ጠምቷታል" የሚለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠጣውን ውሃ ግማሽ ለሷ ማካፈል ጀመርኩ። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ሳደርግ ቅጭጭ፣ ቅጭጭ ትላለች፤ እየዋጠች ነው። አንድ ቀን ወተቴን አፈሰስኩላት። እማዬ በሱ ሰበብ የመታችኝን ዱላ አልረሳውም፤ ጋሼ ግን ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አቅፎኝ፣ "ወተትም ትወዳለች፣ ግን አትንገርብኝ" አለኝ። እንደዚህ የሚያወራ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። ያጋጠሙኝ ፎርማኖች ናቸው።

አንድ ጠዋት ዶሮዎቹ ሁሉ ከጀልባዋ ስር ተኮልኩለው ቆመው አገኘኋቸው። ውጪው ዶፍ ነው፣ ከስሯ ያለው መሬት ግን ደረቅ። ጠብታ የለም። ሮጬ ሄጄ ጋሼን ከአልጋው ጎተትኩት። ተንበርክኮ መሬቱን ዳሰሰ፣ እጁን አየ፣ አፈር ነው። ዶሮዎቹን "ተባረኩ" አላቸው።

ሞተሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጋሼ ከጆንያው አውጥቶ ፈታታው፤ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠበ፣ ካንዴላውን በሽቦ ፋቀ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ጋሼ የመኪናውን ሞተር የጠገነለት አንድ ታክሲ ነጂ ጠርሙስ ጠርሙስ ያመጣለታል። ሞተሩ ሲሰራ ውሃ ውስጥ መሆን ስላለበት ጋሼ ግማሽ በርሜል ውሃ ሞልቶ፣ በርሜሉን ከእትዬ ማርታ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ሞተሩን በጣውላ አሰረበት። ለምን እዚያ ግድግዳ ጋ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን ሳያወልቅ ገመዱን ሳበው። ሳበው። ሳበው። ተነሳ! ያ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ በርሜሉ ተንተከተከ፣ ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። እኔ በደስታ ስዘል ትንሽ ቆይቼ አንድ ነገር ሰማሁ። ሞተሩ ይዘምራል።

እውነቴን ነው። ከጩኸቱ ውስጥ የሰው ድምፅ፣ ብዙ የሰው ድምፅ፣ ወንድም ሴትም፣ ጭብጨባም ሁሉ ይወጣል። "በውሃ ላይ መንገድ ያለህ፣ አሻግረኝ፣ አሻግረኝ" ይላል። "ጋሼ፣ ሞተሩ ይዘምራል!" አልኩት በጆሮው። ጋሼ ቀና ሳይል፣ "የግሪክ ሞተር እንደዚህ ነው" አለኝ።

ከዚያ በየእሁዱ ዘመረ። እኔም ከበርሜሉ ስር ቁጭ ብዬ አብሬ እዘምራለሁ፣ ግጥሙን በቃሌ ያዝኩት። አንድ እሁድ ቤንዚኑ አለቀና ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። መዝሙሩ ግን አልቆመም። ሁለት ሦስት ቃል ያህል፣ ያለ ሞተር፣ ንፁህ ሆኖ፣ "አሻግረኝ" አለ። የእትዬ ማርታ ድምፅ ይመስል ነበር። ከዚያ እንደ ተቆረጠ ክር ዝም። ጋሼ ፊቱ አመድ ሆኖ ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ አየ። ማንም የለም። "ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ለምን ዘመረ?" ስለው፣ "ትንሽ ተርፎት ነው" አለኝ፣ እና ባዶ የቤንዚን ጀሪካን ይዞ እየሮጠ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ከአጠገቡ አይለይም።

ጳጉሜ ገባ። ውሃ የት ነው? ጋሼ "ካባው ውስጥ እናንሳፍፋታለን" አለ። ካባ ማለት ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲሆን ዝናብ ይሞላዋል። እኔ የማውቀው ካባ ግን አንድ ነው፣ ቄሶች የሚደርቡት ባለወርቁ። "ጋሼ፣ አባ እሺ ይሉናል?" አልኩት። እማዬ እየሳቀች ወንበር ያዘች።

የሚጎትት ደግሞ ኦቦ ቱፋ ተገኘ። ከላፍቶ በኩል የጥንት ገበሬ ነው፤ መሬቱ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ሁለቱን በሬዎቹን፣ ቡሬንና ጉራቻን፣ ይዞ መጣና ጀልባዋን ዞሮ አያት።

"ይልማ፣ ይሄ ነገር ያርሳል?"

"አያርስም።"

"ይታለባል?"

"አይታለብም።"

"ታዲያ ለምን ትቀልበዋለህ?"

"አንተስ ለምን አገባህ?" አለው ጋሼ። ኦቦ ቱፋ እስኪያስለው ሳቀና በሬዎቹን ጠመደ።

ቀኑ የሩፋኤል ቀን ነው፤ ጳጉሜ ሦስት። በሩፋኤል የዘነበ ዝናብ ጠበል ነው፣ ህፃን ሁሉ ልብሱን አውልቆ "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያለ ይሮጥበታል። ስለዚህ ጀልባዋ መካኒሳን ስታቋርጥ እዩልኝ፤ ከፊት ሁለት በሬ፣ ከስሯ እንደ ጎማ የሚሽከረከር ግንድ፣ ከኋላ እየጨፈረ የሚከተል ራቁቱን የሆነ የሰፈር ልጅ ሁሉ። ኦቦ ቱፋ "ሱታ! ሱታ!" ይላል፣ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እኔ ልብሴን አላወለቅኩም። በክፍሏ መስኮት አንገቴን አውጥቼ እንደ ንጉስ ነበር የምሄደው።

ካባው ጋ ጓድ ሽፈራው ከነካኪው፣ ከነጥበቃዎቹ ቆሟል። እትዬ ማርታም ከሰው መሃል አለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ። በሬዎቹ ተፈቱ፣ ወንዶቹ ገፏት፣ ጀልባዋ ጭቃውን ተንሸራትታ ውሃው ውስጥ ቸፍ! አለች። ወዲያ ዘመም፣ ወዲህ ዘመም፣ ቀጥ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ወለሏን ዳሰሰ። ደረቅ። ሰው እልል አለ።

"ቆዩ!" አለ ጓድ ሽፈራው። "እንጨት ሁሉ ይንሳፈፋል። የቤቴን በር ነቅዬ ውሃ ላይ ብጥለው ይንሳፈፋል። በር ጀልባ ነው? ጀልባ ከሆነ በሞተሩ ይሄዳል፤ ጓድ ይልማ፣ ሞተሩ ይስራና ልይ።"

ጋሼ ገመዱን ሳበው። እምቢ። ሳበው። እምቢ። ዝናቡ ካንዴላውን አርሶታል። ነቅሎ በሸሚዙ ጠረገው፣ መለሰው፣ ሳበው። እምቢ። ጥበቃዎቹ ካሁኑ መስኮቶቹን ሊካፈሉ ይንሾካሾካሉ። ጋሼ መዳፉ ተልጦ ደም ሲወጣው አየሁ። ፊቱን ሳየው ደግሞ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ፊት ነው፤ ሊያለቅስ ነው።

እኔ ግን ችግሩ ገብቶኛል። ሞተሩ የለመደው ነገር ጎድሎበት ነው። ማንም አልዘመረለትም! የክፍሏ ጣራ ላይ ወጣሁና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጀመርኩት፦

"በውሃ ላይ መንገድ ያለህ፣
አሻግረኝ፣ አሻግረኝ!"

ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ራቁታቸውን የሚጨፍሩት እንኳን ቆሙ።

"ይሄን ማነው ያስተማረህ?" አለ ጓድ ሽፈራው ቀስ ብሎ።

"ሞተሩ" አልኩት።

"የቱ ሞተር?"

"ይሄ ነዋ! እሁድ እሁድ ይዘምራል። ካልዘመሩለት አይነሳም።"

አንደኛው ጥበቃ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውም ተከተለው። ጓድ ሽፈራው ግን አልሳቀም። ዓይኑ ሰዉን ዞሮ ዞሮ እትዬ ማርታ ላይ ቆመ። እሷም እሱን አየችው። ከንፈሯ ነጭ ነበር። አፉን ከፈተ፣ አንድ ነገር ሊል፣ እና በዚያችው ቅፅበት ጋሼ ገመዱን ባለ በሌለ ጉልበቱ ሳበው። ሞተሩ ተነሳ። ያ ሰማያዊ ጭስ ጓድ ሽፈራውን ከነአፉ አለበሰው።

"ጓድ ሊቀመንበር!" ጮኸ ጋሼ። "ና ግባ! ዳር ቆሞ ምርመራ አለ?" እጁን ይዞ ሳበው። ኮቱ በሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም፤ ገባ። ጋሼም ወዲያው ነዳት።

እግዚኦ፣ እንዴት እንደነዳት! ካባው ምን ያህል ነው? ሁለት ግቢ ቢሆን ነው። ያንን ጉድጓድ ላንጋኖ አደረገው። ዞረ፣ ተጠመዘዘ፣ ውሃው እንደ ክንፍ ከግራ ከቀኝ ተነሳ። ጓድ ሽፈራው ዋና አያውቅም፣ ከኔ ክፍል በር ላይ ተጣብቋል።

"ጓድ ይልማ፣ አቁም!"

"አልሰማህም!"

"ጓድ ይልማ፣ አቁም አልኩህ!"

"ምነው? ቤት ውስጥ ሆነህ ምን ያስፈራሃል?"

ሌላ ዙር። ጀልባዋ አንድ ጎኗን ሰጠች፣ ውሃው እስከ ካኪው ጉልበት ረጨው።

"ጋሽ ይልማ!" አለ ጓድ ሽፈራው። ድምፁ የልጅ ሆነ። "ጋሽ ይልማ ይቁሙ! በእናትዎ! ጀልባ ነው! ጀልባ ነው ብዬዎታለሁ!"

እኔ ጣራው ላይ ተኝቼ በመገረም ነው ያየሁት፤ ኮቱን ለብሶ "እርስዎ" አለ! ኮቱ ራሱ ተማረ ማለት ነው።

ጋሼ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረገው፣ አላጠፋውም። ጎንበስ ብሎ ጠየቀው። "የልጁ መዝሙርስ?"

ጓድ ሽፈራው ትንፋሹን ሰበሰበ። ወደ ዳሩ አየ። እኔም አየሁ። እትዬ ማርታ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አጠገቧ የቆሙትም።

"የቱ መዝሙር?" አለ። "ሞተሩ ይጮኻል ጋሽ ይልማ። ምንም አልሰማሁም።" ከዚያ ፊቱን ከሰዉ አዞረና ካኪ ኮፍያውን አወለቀ፤ የሩፋኤል ዝናብ ራሱ ላይ እስኪወርድ ጠበቀ፤ መልሶ ደፋት።

ላንጋኖ አልደረሰችም። ካባው እስኪጎድል እሁድ እሁድ እዚያው ዞርንባት፣ ኦቦ ቱፋም ሚስቱን አምጥቶ አንሸራሸራት፤ "አሁን ገባኝ" አለ። ካባው ዛሬ ተደፍኖ ቪላ ተሰርቶበታል። ክረምት ክረምት ምድር ቤታቸው ውሃ ይሞላል አሉ። ይበላቸው፣ ጀልባ ይግዙ።

የነእትዬ ማርታ ሰዎችም አሁን አዳራሽ አላቸው፣ በየማዕዘኑ ስፒከር። ሰፈሩ "አደነቆሩን" ብሎ ይከሳል። እኔ በሁሉ ነገር የምናደድ ሰውዬ፣ በዚህ ተናድጄ አላውቅም።

ለቡ ላይ ፓምፑ ጉድጓዱን መጦ ሲጨርስ ፎርማኑ "አጥፋው" አለኝ። አጠፋሁት።

"ምን ይገትርሃል? ና እንጂ!"

"ቆይ" አልኩት። ጆሮዬን ወደ ፓምፑ ጣል አድርጌ ነበር፣ ምናልባት ትንሽ ተርፎት ከሆነ።